የጭነት መኪና ሞተር ወደ ባሕር ሲወርድ

በሐምሌ 2003 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ከኩባ ወደ ፍሎሪዳ በሚወስደው ባሕር ላይ አንድ የጭነት መኪና አገኙ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መርከብ ላይ የተጫነ መኪና አይደለም። ራሱ ውኃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ መኪና ነው። የ1951 ሥሪት፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው ሸቭሮሌት። በግራና በቀኝ ባዶ በርሜሎች ታስረውለታል፤ የኋላ ጎማዎቹን ያዞር የነበረው ዘንግ አሁን የሚያዞረው ፕሮፔለር ነው። ላዩ ላይ 12 ሰዎች ነበሩ። በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ፍሎሪዳ ለመድረስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር።

ሰዎቹ ወደ ኩባ ተመለሱ። መኪናው ባሕር ውስጥ እንዲሰጥም ተደረገ። በየካቲት 2004 ከእነዚያው ሰዎች አንዳንዶቹ እንደገና ሞከሩ፤ ያን ጊዜ ጀልባ ያደረጉት የ1959 ቢዩክ አውቶሞቢል ነበር። እሱም ተያዘ።

ዓለም ሳቀ፣ ፎቶውን ተቀባበለ፣ ረሳው። ነገር ግን የኩባ ሰዎች የሠሩት ሥራ የእብደት ሥራ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ሀብታሙም ድሃውም፣ ጦሩም ኮንትሮባንዲስቱም የሠራው ሥራ ነው። ለየብስ የተሠራን ሞተር ወስዶ ለውኃ ማዋል። ታሪኩን ተከትሎ የሄደ ሰው ስለ ሞተር ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ለሌላ ቦታ የሠራውን ዕቃ ተቀብሎ ስለሚኖር ሁሉ አንድ ነገር ይማራል።

ጀልባ የራሱ ሞተር የለውም

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1886 በጀርመን ካንሽታት አጠገብ ትንሿን የቤንዚን ሞተራቸውን 4.5 ሜትር ርዝመት ባላት ጀልባ ላይ ገጥመው በኔካር ወንዝ ላይ ነዷት። ሞተሯ የአንድ ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት። በዚያው ዓመት ይኸው ሞተር በሠረገላ ላይም ተገጠመ። ማለትም መኪናና የሞተር ጀልባ መንታ ሆነው ነው የተወለዱት። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ቤንዚን ይፈነዳል ብሎ ይፈራ ስለነበር፣ ዳይምለር ጀልባዋን በኤሌክትሪክ የምትሄድ ለማስመሰል ሽቦና የሸክላ መያዣ ዙሪያዋን አስሮባት ነበር ይባላል። ሕዝቡ በከንቱ አልፈራም፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

መንትዮቹ ግን እኩል አላደጉም። መኪናው በሚሊዮን እየተመረተ ዓለምን ሲሞላ ጀልባው በሺህ ቀረ። በሺህ ለሚሸጥ ዕቃ አዲስ ሞተር ነድፎ፣ ቅርጽ አውጥቶ፣ ፋብሪካ ተክሎ ማምረት አያዋጣም። ስለዚህ ጀልባ ሠሪው ሁልጊዜ የታላቅ ወንድሙን ልብስ አሳጥሮ የሚለብስ ታናሽ ሆነ። የጭነት መኪናው ምን ዓይነት ሞተር ለበሰ? ጀልባውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ይለብሳል። የዚህ ታሪክ ዋናው ሕግ ይህ ነው።

ከሰማይ የወረደ፣ ከገልባጭ መኪና የመጣ ገንዘብ

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የፓካርዱ ጄሲ ቪንሰንትና የሆል ስኮቱ ኤልበርት ሆል ዋሽንግተን ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው በጥቂት ቀናት «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ነደፉ። 12 ሲሊንደር፣ 27 ሊትር፣ 400 የፈረስ ጉልበት፣ የታችኛው አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ። ከ20 ሺህ በላይ ተመረተ። ጦርነቱ ግን በኅዳር 1918 አበቃና ብዙዎቹ ሞተሮች ሳይበሩ መጋዘን ውስጥ ቀሩ። በርካሽ ተሸጡ።

ከገዢዎቹ አንዱ ጋር ዉድ ነበር። ይህ ሰው ሀብታም የሆነው ለጭነት መኪና ነው፦ የገልባጭ መኪና ሳጥን በዘይት ግፊት የሚያነሳውን መሣሪያ የፈለሰፈው እሱ ነው። ከገልባጭ መኪና ያገኘውን ገንዘብ ወስዶ የአውሮፕላን ሞተር ገዛና ጀልባ ላይ ገጠመው። በ1920 «ሚስ አሜሪካ» የተባለችው ባለ ሁለት ሊበርቲ ጀልባው ወደ እንግሊዝ ተሻግራ የሃርምስወርዝን ዋንጫ ወሰደች። በ1932 ደግሞ አራት የፓካርድ ሞተር የተሸከመችው «ሚስ አሜሪካ 10ኛ» በውኃ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች።

ያንኑ ሊበርቲ ሌሎችም ገዙት። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ውስኪ ከመርከብ ወደ ዳር የሚያሻግሩ ኮንትሮባንዲስቶች ጠረፍ ጠባቂውን የሚያመልጡት በእነዚሁ የጦርነት ትርፍ ሞተሮች ነበር። ለአየር የተነደፈው ሞተር በአየር ከሠራው ይልቅ በውኃ ላይ ያተረፈው ስም ይበልጣል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የአውቶቡስ ሞተር ኖርማንዲ ገባ

ጄኔራል ሞተርስ በ1938 «71» የተባለውን የናፍጣ ሞተር ዘር አወጣ። ቁጥሩ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ይዘት በኩብ ኢንች ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ «6-71» የተሠራው ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ሁለት ሁለት እየሆነ የሸርማን ታንክ ውስጥ ገባ፤ ዲትሮይት የነበረው ግሬይ ማሪን የተባለ ኩባንያ ደግሞ ለውኃ አስማምቶ በአንድሩ ሂጊንስ የማረፊያ ጀልባዎች ላይ አዋለው።

እነዚያ ጀልባዎች ፊታቸው እንደ ድልድይ የሚወርድ፣ 11 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው፣ አንድ የመቶ ጦር የሚጭኑ ነበሩ። ከ20 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ሰኔ 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ ዳርቻ ወታደሮችን ካወረዱት መካከል እነሱ ነበሩ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይም እንዲሁ። የአንድ ከተማ አውቶቡስ ሞተር የዓለም ጦርነት የሚወሰንበት ዳርቻ ላይ 225 የፈረስ ጉልበት እየሰጠ ገባ።

ከጦርነቱ በኋላም ነገሩ ቀጠለ። የእንግሊዝ ፎርድ የጭነት መኪና ናፍጣ ሞተር ኒው ጀርሲ ውስጥ ሌማን በተባለ ኩባንያ እጅ ተስተካክሎ የብዙ ዓሣ አጥማጅ መሰል የሽርሽር ጀልባዎች ልብ ሆነ። ፐርኪንስም እንዲሁ፦ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተርን የሚያውቅ የአርሲ ገበሬ ድምፁን የሚለየው ሞተር የቅርብ ዘመዱ ባሕር ላይ ነው። ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። ለምን? ምክንያቱም ሁሉም ወፍራም ብረት፣ ቀርፋፋ፣ ቀላል ነበሩ። ያም ሆኖ ማናቸውም ከመኪናው ላይ ተፈትተው እንዲሁ በቀጥታ ጀልባ ላይ አልታሰሩም።

ምን ይለወጣል?

የመጀመሪያው ልዩነት ጭነት ነው። መኪና ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ መብራት ይዞት ይቆማል። ሜዳ ላይ ሲሄድ ከሞተሩ አቅም ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። ባሕር ላይ ቁልቁለት የለም። ጀልባ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያለ፣ ሙሉ ጭነት የተሸከመ መኪና ማለት ነው። ፕሮፔለሩን ሁለት እጥፍ አፍጥኖ ለማዞር ወደ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ መንገድ ላይ 300 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ያንን ኃይል ለሰዓታት ሳያርፍ ይሰጣል ማለት አይደለም። መኪና ላይ ያ ቁጥር ለአንድ አፍታ ለመቅደም ነው የሚያገለግለው።

ሁለተኛው እሳት ነው። የዳይምለር ዘመን ሕዝብ የፈራው ነገር። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳል። መኪና ውስጥ ቢፈስ መሬት ላይ ወርዶ ነፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ውስጥ ግን የሆዱ ወለል ላይ እንደ ውኃ ይጠራቀማል፤ መውጫ የለውም። ከዚያ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር የሞተሪኖው ወይም የዲናሞው አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታሽገው ነው የሚሠሩት። በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ነበልባል የሚያግድ የብረት ወንፊት ይገጠማል፤ አሜሪካ ይህንን በጀልባ ውስጥ በሚቀመጥ የቤንዚን ሞተር ላይ ግዴታ ያደረገችው ከሚያዝያ 1940 ጀምሮ ለተገጠሙት ነው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ጋዙን የሚጠርግ ማራገቢያም ይኖራል። የመኪና ሞተሪኖና የጀልባ ሞተሪኖ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንትያ ይመስላሉ። ዋጋቸው ግን ይለያያል፤ ገዢውም «ያው አይደለም እንዴ?» ብሎ ርካሹን ያነሳል። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ቀን ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። መኪና ራዲያተር አለው፣ ፊት ለፊት ነፋስ ይመታዋል። ጀልባ ውስጥ ሞተሩ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ማርሚታው እንደ መኪና ቢግል እንጨቱን ያነደዋል፤ ስለዚህ የጭስ መውጫው ድርብ ግድግዳ ተበጅቶለት በመሃሉ ውኃ ይዞርበታል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ የሚንሳፈፍበት ውኃ ራሱ ነው። ማለቂያ የሌለው ቀዝቃዛ ውኃ! በመጀመሪያ ሲያዩት ሀብት ይመስላል። ባሕሩ ጨው ሲሆን ግን ሀብቱ ዕዳ ይሆናል።

ሚስማሮቹ የተናገሩት

የጨውን ጉዳይ ለመረዳት ሞተር ከመፈልሰፉ በፊት ወደነበረ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 «አላርም» የተባለችውን የጦር መርከብ ታችኛ አካል በመዳብ ላሜራ ሸፈነ። ዓላማው እንጨት የሚበላውን የባሕር ትልና መርከቡ ላይ የሚበቅለውን አረምና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር መከላከል ነበር። መዳቡ ሥራውን ሠራ። መርከቧ ካሪቢያን ደርሳ ስትመለስ በ1763 ሲፈትሿት ግን ሌላ ነገር ታየ፦ መዳቡን የያዙት የብረት ሚስማሮች በብዙ ቦታ በስብሰው አልቀዋል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ሚስማሮቹ ጤነኛ ናቸው። ለምን? መዳቡ ሲመጣ ተጠቅልሎበት የነበረው ቡናማ ወረቀት በእነዚያ ቦታዎች ሳይላጥ ቀርቶ ብረቱን ከመዳቡ ለይቶት ነበር።

ወረቀት! በሰነፍ ሠራተኛ የተረሳ ወረቀት የሳይንስ መልስ ይዞ ነበር፤ ምክንያቱን የሚናገር ሰው ግን ገና አልተገኘም። ቮልታ ባትሪውን የሠራው በ1800 ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ እንደሚሆኑ፣ ከሁለቱም «ደካማው» ራሱን እየሰጠ እንደሚያልቅ የታወቀው።

በ1824 ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ነገሩን ገለበጠው። ደካማ የሆነው መሞቱ ካልቀረ፣ ሆን ብለን የምንሠዋውን እንስጠው አለ። መዳቡ ላይ የዚንክ ወይም የብረት ቁራጭ አሰረበት። ቁራጩ አለቀ፤ መዳቡ ዳነ። በኬሚስትሪ ሙሉ ድል ነበር። በባሕር ላይ ግን ከሸፈ። መዳቡ አረምና ፍጡሩን የሚከላከለው ቀስ በቀስ ወደ ውኃው እየሟሟ ስለነበር፣ መሟሟቱ ሲቆም መርከቦቹ በአረም ተሸፈኑና ቀርፋፋ ሆኑ። ባሕር ኃይሉ ሐሳቡን ተወው።

ዴቪ አልተሳሳተም። የሰጠው መልስ ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ መርከቡ ግን ከአንድ በላይ ጥያቄ ነበረው። የዴቪ የሚሠዋ ቁራጭ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ በዓለም ያለ የባሕር ሞተር ሁሉ ማለት ይቻላል የሆነ ቦታ ላይ እያለቀ ሌላውን የሚያድን ቁራጭ አለው።

የአሉሚኒየም ተራ

ብረት ሞተርን በጨው ውኃ ማቀዝቀዝ ሞኝነት ቢሆንም ይቻላል። ይዝጋል፤ ግን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው። ጨው እንዳይጋገርበት ሞተሩ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ሳይበልጥ እንዲሠራ ይደረጋል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ያገለግላል።

አሉሚኒየም ሌላ ጠባይ አለው። አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ቆዳ ያወጣል፤ ያ ቆዳ ነው የሚጠብቀው። የባሕር ጨው ግን ያንን ቆዳ በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። ውጩ ደህና እየመሰለ ውስጡ ይቦረቦራል። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ከብረትም፣ ከነሐስም፣ ከማይዝግ ብረትም ጋር ሲነካካ ደካማው እሱ ነው። በአላርም ላይ ሚስማሩ የሆነውን እዚህ ብሎኩ ይሆናል። ሲሞቅ ደግሞ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ውኃ የምትስበው የጎማ ክንፍ ያላት ፖምፓ ብትቀደድ፣ ብረት ቴስታታ ሊታገሠው የሚችለውን ሙቀት የአሉሚኒየም ቴስታታ ተጣሞ ይመልሰዋል።

ታዲያ ለምን ፈለጉት? ይቀላል። ለጀልባ ክብደት ማለት ነዳጅም፣ ፍጥነትም፣ የሚጫን ሰውም ነው።

ቢዩክ በ1960 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ባለ 3.5 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አወጣ። 144 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር። ለዘመኑ ተአምር ነው። ችግሩ ፋብሪካው ውስጥ ብዙ ቀረጻ ይበላሽ ነበር፤ ደንበኞች ደግሞ ለብረት ሞተር የለመዱትን የራዲያተር ፈሳሽ እየጨመሩበት አሉሚኒየሙ ተበልቶ ራዲያተሩ ተደፈነ። ሞተሩ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ጋራዡ ያላወቀው ነገር ነው። በ1963 ምርቱ ቆመ።

እዚህ ላይ ታሪኩ አስቂኝ መታጠፊያ አለው። የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ኃላፊ ዊልያም ማርቲን ሃርስት የራሱን ሞተሮች ለጀልባ ሊሸጥ ብሎ ወደ አሜሪካው የጀልባ ሞተር ንጉሥ ካርል ኪክሄፈር ወርክሾፕ ሄደ። እዚያ ወለሉ ላይ አንድ ትንሽ ሞተር አየ። የቢዩኩ አሉሚኒየም ነበር፤ ጀልባ ላይ ሊሞከር የተቀመጠ። ሊሸጥ የሄደው ሰው ገዢ ሆኖ ተመለሰ። ሮቨር በጥር 1965 የማምረት መብቱን ወሰደ፤ ሞተሩ በ1967 በሮቨር መኪኖች ላይ፣ በ1970 ደግሞ በሬንጅ ሮቨር ላይ ወጣ። እስከ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተመረተ። ጃክ ብራብሃም በ1966 የፎርሙላ ዋንን ዋንጫ ያነሳበት ሞተር እንኳ ብሎኩ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አንዴ እንኳ ታሪኩ ተገለበጠ፦ ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው ሞተር ወደ የብስ ወጣ።

የኪክሄፈር ኩባንያ ሜርኩሪ ግን አሉሚኒየሙን አልተወም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የራሱን አሉሚኒየም ብሎክ ቀርጾ የፎርድን ባለ 8 ሲሊንደር ብረት ቴስታታ አንዱን ወገን አስቀመጠበት፤ «470» የተባለው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ነው። ልብ በሉ፦ የባሕሩ ውኃ ወደ ብሎኩ እንዳይገባ ተደረገ። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ንጹሕ ውኃና የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ የባሕሩ ውኃ በሌላ ቱቦ መጥቶ በመዳብ ግድግዳ በኩል ሙቀቱን ብቻ ተቀብሎ ይሄዳል። ራዲያተሩ አልቀረም፤ ነፋሱ በባሕር ተተካ እንጂ። ለአሉሚኒየም ሞተር ዋናው መፍትሔ ይህ ነው። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠሉት ትናንሽ ሞተሮች አሉሚኒየም ሆነው በባሕር ውኃ ቢቀዘቅዙም፣ እነሱ መዳብ በጣም በቀነሰ ቅይጥ፣ በልዩ ቀለምና በሚሠዋ ቁራጭ ከመጀመሪያው ለባሕር የተነደፉ ናቸው። የመኪና ብሎክ እንዲያ አይደለም።

ታላቅ ወንድም ልብስ ሲቀይር

ከ1955 ጀምሮ የሸቭሮሌት ትንሹ ባለ 8 ሲሊንደር ብረት ሞተር የአሜሪካ ጀልባዎች እንጀራ ነበር። ሜርኩሪም፣ ቮልቮ ፔንታም፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ጋራዥም ይሠራበታል። ዕቃው በየቦታው አለ፤ አሠራሩን የማያውቅ መካኒክ የለም። ከተጋጨ ፒካፕ ላይ ተፈትቶ፣ የጀልባ ዕቃዎቹ ተገዝተውለት፣ በሁለት ቅዳሜ ውኃ ላይ ይወርዳል።

ነገር ግን የጭነት መኪናው ሌላ ጌታ ነበረው፦ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ። አሜሪካ አምራቾች በአማካይ ስንት ኪሎ ሜትር በሊትር መሄድ እንዳለባቸው የሚያስገድድ ሕግ በ1975 አወጣች። ብረት ክብደት ነው፤ ክብደት ነዳጅ ነው። የ2014 ሥሪት የሸቭሮሌት ሲልቨራዶ ሲወጣ ሦስቱም ሞተሮቹ፣ ባለ 4.3፣ ባለ 5.3ና ባለ 6.2 ሊትር፣ ብሎካቸው አሉሚኒየም ሆነ። ነዳጁም በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ፣ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር የሚታዘዝ።

ይህን ሲወስን ጀልባን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለምን ይጠይቃል?

ሁለቱ ትላልቅ የጀልባ ሞተር አምራቾች ሁለት መንገድ ያዙ። ሜርኩሪ በዚያው በ2014 ከመጀመሪያው ለባሕር የተነደፈ የራሱን ባለ 4.5 ሊትር ሞተር አወጣ፤ ከታላቅ ወንድም ልብስ ይቅርብኝ ማለቱ ነው። ቮልቮ ፔንታ አዲሱን አሉሚኒየም ሞተር ተቀበለ፤ የባሕር ውኃ ወደ ብሎኩ የማይገባበትን የተዘጋ ማቀዝቀዣም አብሮ አደረገበት። ከ2010 ጀምሮ የአሜሪካ የአካባቢ ሕግ በጀልባ የቤንዚን ሞተር ጭስ ላይ ማጣሪያ ስላስገደደ ነገሩ ይበልጥ ረቀቀ።

ሁለቱም ገንዘብ አላቸው። ሦስተኛው ሰው፣ በሁለት ቅዳሜ ሞተር ይገጥም የነበረው፣ ምን ቀረው? አሉሚኒየሙ ራሱ አላሸነፈውም፤ የተዘጋ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ይገጥማል። ያሸነፈው ኮምፒውተሩ ነው። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ቁልፉን፣ ካምቢዮውን፣ የነዳጅ ታንከሩን፣ የጋዝ ፔዳሉን ይጠይቃል። አንዱ ካልመለሰለት ኃይል ይቀንሳል ወይም አልነሳም ይላል። መኪና ላይ ይህ መጠንቀቅ ነው፤ ዳር ይዞ መቆም ይቻላል። ማዕበል ውስጥ ያለ ጀልባ ግን ሞተሩ ለጥንቃቄ ብሎ ኃይል ቢቀንስበት ዳር የሚይዝበት ዳር የለውም።

የታናሽ ወንድም ጥበብ

ይህ የአሜሪካ የሽርሽር ጀልባ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንበብ ባላስፈለገ። ግን አይደለም።

ባንግላዴሽ ውስጥ በ1980ዎቹ ገበሬው ሩዝ ለማጠጣት የገዛው ርካሽ የቻይና ናፍጣ ሞተር ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይፈታ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አገሩ ራሱ ውኃ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከፖምፓው ላይ ፈትተው በእንጨት ጀልባ ላይ አሰሩት። ማንም መሐንዲስ አልነደፈው፣ ማንም መንግሥት አላቀደው። የአገሪቱ የወንዝ ትራንስፖርት ተለወጠ። ታይላንድ ውስጥም የመኪና ሞተር በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ፕሮፔለር ይዞ ከጀልባ ኋላ ሲወዛወዝ ማየት የተለመደ ነው። ታናሽ ወንድም ልብሱን ማሳጠር ያውቅበታል። ዋጋውም አለ፦ መሸፈኛ የሌለው የሚሽከረከር ዘንግ ልብስና ፀጉር ይይዛል፤ እግር ይቆርጣል።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ የታናሽ ወንድም ወገን ናት። ባሕር የላትም፤ ግን ጣና አላት፣ ባቱ (ዝዋይ)፣ አባያና ጫሞ አሏት፣ አሁን ደግሞ ከሕዳሴው ግድብ ኋላ ሰፊ ውኃ አላት። የሚገባው ሞተርና ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ምክር ግን ለእነዚህ ውኃዎች አልተጻፈም።

ጣናን እንውሰድ። ውኃው ጨው የለውም፤ ግማሹ ስጋት ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። በባሕር ዳርቻ አገር ተለክቶ የመጣ ፕሮፔለር እዚህ ለዚያው ሞተር ይከብደዋል። ሌላም አለ፦ የባሕር መጽሐፍ «ዚንክ እሰር» ይላል። ዚንክ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ ለሐይቅ የሚመከረው ማግኒዥየም ነው። ምክሩን ቃል በቃል የተከተለ ሰው የሚሠዋው ቁራጭ ዓመቱን ሙሉ ሳያልቅ ሲያይ ደስ ይለዋል። ሊደነግጥ ነበር የሚገባው። እሱ ካላለቀ ሌላው እያለቀ ሊሆን ይችላል።

አባያ ደግሞ ውኃው ደለል የተሞላና ቀይ ነው፤ ደለሉ የፖምፓዋን የጎማ ክንፍ ይሞርዳል። ሻላ ከሁሉም ይለያል፤ የሶዳ ውኃ ነው። የአሉሚኒየምን ቆዳ የሚበላው ጨው ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ኃይለኛ የአመድ ጠባይ ያለው ውኃም ያሟሟዋል። ሦስት ሐይቅ፣ ሦስት መልስ። አንዱም መልስ ከሞተሩ ጋር በመጣው ካርቶን ውስጥ የለም።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። «አሉሚኒየም ባሕር አይችልም» የሚለው የጋራዥ ብሂል ልክ አይደለም፤ ችሏል። «ሞተር ያው ሞተር ነው» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ያንን ያመኑት ከፍለውበታል። ሊበርቲን የገዛው፣ 6-71ን ያስማማው፣ ለአሉሚኒየሙ ብሎክ የተዘጋ ውኃ ያዘጋጀው፣ የመስኖ ሞተሩን ጀልባ ላይ ያሰረው፣ ሁሉም ያዩት ሞተሩን ብቻ አልነበረም። ሞተሩ ከነበረበት ቤት ሲወጣ ምን እንዳጣ፣ በገባበት ቤት ምን እንደሚጠብቀው ጠይቀዋል። መኪናው ላይ ነፋስ ነበረው፤ እዚህ የለውም። ቁልቁለት ነበረው፤ እዚህ የለውም። ዳር የሚይዝበት መንገድ ነበረው፤ እዚህ የለውም።

ትንሽ አገር፣ ትንሽ ገበያ፣ ለራሱ ተብሎ የሚነደፍለት ዕቃ አያገኝም። ይህ ቶሎ የሚለወጥ ነገር አይደለም። ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ሶፍትዌሩም፣ የሕክምና መሣሪያውም፣ የትምህርት ሥርዓቱም ሌላ ቦታ ለሌላ ሰው ተቆርጦ የተሰፋ ነው የሚመጣው። የሚያዋርደው ግን የተሰጠንን መልበሳችን አይደለም። ሳንለካ መልበሳችን ነው። ልኬቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይገኝም፤ ሐይቁ ዳር፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ፣ ፖምፓ ፈትቶ የተሞረደውን የጎማ ክንፍ በጣቱ የሚዳስስ መካኒክ ነው። አላርም ላይ ቁልፉን የያዘው የተረሳ ወረቀት ነበር፤ ያስተዋለው ደግሞ ሚስማር በሚስማር የፈተሸ ሰው ነው።

ቀጣዩ ሞተር ወደ ሐይቁ ከመውረዱ በፊት ያንን ሰው የሚጠይቀው ይኖር ይሆን?